ለወኪል የሚጻፍ መመሪያ፤ የድምፅ መሣሪያን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ መግለጽ

አንድ ነጋዴ በጅማ ለሚገኝ ወኪሉ የግዢ ትእዛዝ ሲልክ የዕቃውን ዓይነት፣ መለኪያውን፣ ዋጋውንና የመላኪያውን ቀን ለይቶ ይጽፋል። «20 ቡና ግዛልኝ» ብቻ ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ግን፣ ወኪሉ በኩንታል ይሁን በፈረሱላ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ከዚህ የሚመጣው ኪሣራ የአዛዡ ይሆናል። ዛሬ ወደ ንግድ ሥራ የገባው አዲሱ ወኪል ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን ሥራ በየደረጃው ከፋፍሎ በልዩ ልዩ መሣሪያዎች የሚፈጽም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ነው። ይህም ወኪል እንደ ቀድሞው ሁሉ የጠራ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ድምፅን በጊዜ መስመር ላይ የሚደረድረው ነው። ንግግሩ በአንድ መስመር፣ ሙዚቃው በሌላው ይቀመጥና መቁረጥ፣ ማዛወር፣ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በግንቦት 1992 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ኦዳሲቲ የዚህ ዓይነት ነው፤ በእጅ ከመሠራቱም ሌላ በጽሑፍ የሚላክለትን ትእዛዝ ይቀበላል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ያወጣው የሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ደግሞ እያንዳንዱ መሣሪያ ስሙን፣ የሥራውን መግለጫና የሚቀበላቸውን ነገሮች ዝርዝር ይዞ ለወኪሉ እንዲቀርብ ሥርዓት አበጀ። እንግዲህ ወኪሉ የመሣሪያውን ጠባይ የሚረዳው ከዚህ መግለጫ ስለ ሆነ፣ መግለጫው ከጎደለ ሥራው ይጎድላል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በግምጃ ቤት ከተማ ድንች የሚነግድ አንድ ሰው ይታሰብ። ይህ ነጋዴ 40 ሴኮንድ የሚፈጅ የሬዲዮ ማስታወቂያ አስቀርጿል። የማስታወቂያው መጨረሻ፣ «ከ10 ኩንታል በላይ ለሚገዛ ሁሉ ማጓጓዣው በእኛ ነው፤ ከእንጅባራ ወዲያ ላለው መንገድ ግን ኪራዩን ገዢው ይከፍላል» የሚል ነው። የተፈቀደለት ጊዜ 30 ሴኮንድ ብቻ በመሆኑ ወኪሉን እንዲያሳጥርለት ያዝዛል። የመሣሪያው መግለጫ «ቁረጥ፦ ድምፅን ያሳጥራል» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ወኪሉ የመጨረሻውን 10 ሴኮንድ ሊጥል ይችላል። የቀረው ዓረፍተ ነገር ሙሉ መስሎ ይሰማል፤ ነጋዴው ግን እስከ ባሕር ዳርም ሆነ እስከ አዲስ አበባ በነፃ ለማድረስ በአደባባይ ቃል የገባ ይሆናል።

እንደዚህ ያለው ጉዳት እንዳይደርስ መግለጫው የሚከተሉትን ሊይዝ ይገባል።

አንደኛ፣ መነሻና መለኪያ። ጊዜው የሚቆጠረው ከመስመሩ መጀመሪያ ወይስ ከተመረጠው ክፍል መጀመሪያ መሆኑ፣ ቁጥሩም ሴኮንድ ወይስ የድምፅ ናሙና መሆኑ ይጻፍ። በሙዚቃ ሲዲ አንድ ሴኮንድ 44,100 ናሙና ሲኖረው፣ ለፊልም በተለመደው ልክ 48,000 አለው። ስለዚህ በመጀመሪያው ልክ 30 ሴኮንድ የሆነው 1,323,000 ናሙና በሁለተኛው 27 ሴኮንድ ተኩል ያህል ብቻ ነው። የጎደለው ጊዜ አንድ ግሥ ለመዋጥ ይበቃል። በአማርኛም በአዊኛም ግሡ በመጨረሻ ስለሚመጣ፣ «ይከፍላል» እና «አይከፍልም» የሚለዩት እዚያው ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የሥራው ውጤት። ከመካከል አንድ ክፍል ሲወጣ የኋላው ወደ ፊት ይጠጋል ወይስ ቦታው ጸጥታ ሆኖ ይቀራል? ሙዚቃውስ አብሮ ይንቀሳቀሳል? ይህ ካልተገለጸ ንግግሩና ሙዚቃው ይለያያሉ።

ሦስተኛ፣ የማይመለስ ሥራ። በዋናው ቅጂ ላይ ደርቦ የሚጽፍ ትእዛዝ በግልጽ ተለይቶ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይፈጸም ይነገር።

አራተኛ፣ መልስና ስሕተት። ወኪሉ ብዙውን ጊዜ ድምፁን ራሱ ስለማይሰማ፣ መሣሪያው ከሥራው በኋላ የቀረውን ርዝመት፣ የክፍሎቹን ዝርዝርና ከተቻለም የንግግሩን ጽሑፍ ይመልስለት። ስሕተት ሲያጋጥምም «አልተቻለም» ከማለት ይልቅ፣ «የተጠየቀው 45ኛ ሴኮንድ ነው፤ ድምፁ ግን በ40ኛው ያበቃል» ቢል ወኪሉ ያርማል።

አምስተኛ፣ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር። ነጋዴው ማስታወቂያው «በ2 ሰዓት» እንዲተላለፍ ሲያዝዝ ጥዋትን ማለቱ ነው፤ መኪናው ግን የፈረንጆቹን 2 ሰዓት፣ ማለትም ከሌሊቱ 8 ሰዓትን ሊረዳ ይችላል። መስከረም 1 ቀንም ለእርሱ ሴፕቴምበር 1 ሊመስለው ይችላል፤ ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንድ ዓመትም 12 ነው። ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር እንደሚሠራበት በመግለጫው ውስጥ ይታወቅ።

ከዚህም ሁሉ ጋር አንድ የተሟላ ምሳሌ ቢጨመር መልካም ነው፤ ትእዛዙ፣ የተመለሰው መልስና የመጨረሻው ርዝመት በአንድነት ቢታዩ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ይጠቅማሉ።

የእነዚህን መሣሪያዎች አገልግሎት የሚገዛ ባለሱቅ ፕሮግራም የመጻፍ ችሎታ ባይኖረውም፣ መግለጫውን አስነብቦ አምስቱ ነገሮች መኖራቸውን መጠየቅ ይችላል። ማስታወቂያው ከመተላለፉ አስቀድሞም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያድምጠው። ሥራው በወኪል ቢፈጸምም፣ ገዢው መጥቶ ቃሉን የሚጠይቀው ነጋዴውን ነውና።