በጥቂት ገንዘብ የሐይቆችን ዳር ስለ መጐብኘት



አገርን ማየት የባለገንዘብ ሥራ ነው የሚለው አሳብ ብዙዎቻችንን ከቤት ያስቀራል። እኔ ግን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ስንቁን ይዞ በአውቶቡስ የሚጓዝ ተማሪ፣ በግል መኪና ከሚያልፈው ይልቅ ብዙ ይማራል እላለሁ፤ ይህንም የምለው መንገዱን ስለ ሄድኩበት ነው።

ከብሥራተ ገብርኤል ተነሥቶ ቃሊቲ መናኸሪያ የደረሰ መንገደኛ በአንድ ጊዜ ሐዋሳ ከመግባት ይልቅ በመቂ፣ በዝዋይና በቡልቡላ እየወረደ ቢሄድ መልካም ነው። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ ይሁን፤ ጓደኛም አይለየው፤ የመኝታው ኪራይ ለሁለት ሲካፈሉት ይቀላልና።

እንዲህ ቀስ ብሎ የሚጓዝ ሰው ሐይቆቹ በወንዝ የተያያዙ መሆናቸውን ያስተውላል። የመቂና የቀታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይ ደግሞ የቡልቡላ ወንዝ ወጥቶ ወደ አብያታ ይፈስሳል። ዝዋይ መውጫ ስላለው ውሃው ጨዋማ አይደለም። አብያታ ግን መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ፀሐይ ውሃውን ስታተንነው ጨውና ሶዳው ከሐይቁ ውስጥ ይቀራል።

ከዚህም የተነሣ ከላይ በኩል ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ ለአብያታ ይጐድልበታል፤ ሐይቁም ከቀድሞ ዳርቻው ብዙ ሸሽቷል። በቡልቡላ ወርዶ ወንዙን ያየ ተማሪ ምክንያቱን በዓይኑ ይረዳል፤ በመኪና የበረረው ግን ሐይቁን እንጂ ምክንያቱን አያይም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለም?

እንግዲህ ወላጆቻችን በዕረፍት ጊዜ ከጓደኞቻችን ጋር ይህን መንገድ እንድናይ ቢፈቅዱልን፣ ያወጡት ጥቂት ብር በትምህርት ይመለስላቸዋል።