ዴሊቨሪ የሚሠራው ልጅ በሕግ ፊት ማን ነው?

ሆሳዕና ውስጥ ፒዛ በሞተር የሚያደርስ ወጣት ብዙውን ጊዜ የፈረመው ውል የለም። «ነገ ና፣ በአንድ ማድረሻ ይህን ያህል ይታሰብልሃል» ይባላል፤ ስልክ ይለዋወጣሉ፤ ሥራው ይጀመራል። ካርቶኑ ከኋላ በላስቲክ ገመድ ይታሰራል። ስልኩ ከሄልሜቱና ከጆሮው መሀል ይሰካል፤ ቤቶቹ ቁጥር ስለሌላቸው ጎፈር ሜዳ ወይም ቦቢቾ ያለው ደንበኛ «ከመስጊዱ አልፈህ በግራ» እያለ የሚመራው በስልክ ነው። ሒሳብ ሲጓደል ወይም ልጁ ሲወድቅ ግን የሚመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «አንተ እኮ በራስህ ሞተር የምትሠራ የራስህ ሰው ነህ፤ ሠራተኛችን አይደለህም።»

ይህ መልስ በሕግ ፊት ብዙ ጊዜ አይጸናም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 4 እንደሚለው፣ አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ከተስማማ የሥራ ውል ተመሥርቷል። ስምምነቱ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ ለተወሰነ ጊዜም ሆነ በሥራ ልክ ሊሆን ይችላል። ጽሑፍ ግዴታ አይደለም። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውንና ክፍያውን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በአንጻሩ አንቀጽ 3 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ለሌላው በዋጋ የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ውጪ ያደርጋል። ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል ነው።

ስለዚህ የሚመረመረው ሥራው በተግባር እንዴት ይካሄድ እንደነበረ ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚወስነው ማን ነው? የማድረሻውን ዋጋ ማን ቆረጠ? ልጁ «ይህን ትእዛዝ አልወስድም» ቢል ይቀጣል? ወንድሙን በምትኩ መላክስ ይችላል? የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. የታክሲ ጥሪ ኩባንያው የኡበር ሾፌሮች ሠራተኞች ናቸው ብሎ ሲወስን፣ ዋናው ምክንያቱ ዋጋውንም ቁጥጥሩንም በእጁ የያዘው ኩባንያው መሆኑ ነበር። ይኸው ፍርድ ቤት በ2023 ደግሞ ምግብ አድራሹ ዴሊቨሩ ላይ በተነሳው ክርክር ሞተረኞቹ በቅጥር ሥራ ላይ አይደሉም አለ፤ ሚዛኑን የደፋው በምትካቸው ሌላ ሰው መላክ መቻላቸው ነው። ውሳኔዎቹ የኢትዮጵያን ችሎት አያስገድዱም፤ ጥያቄዎቹ ግን እዚህም ይሠራሉ። ከጠዋት እስከ ምሽት ከአንድ ፒዛ ቤት በር የማይርቅ፣ ሌላ ቦታ እንዳይሠራ የተከለከለ፣ ሲቀር የሚቆረጥበት ልጅ «የራሱ ሰው» ሊባል አይገባም። ሞተሩን ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ በላከው ብር የገዛው መሆኑ ብቻውን ይህን አይለውጥም። እንዲያውም በውሉ ሌላ ካልተባለ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነውና፣ ቤንዚኑ ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ከመጀመሪያው ቀን መነሳት ያለበት ጥያቄ ነው።

ሠራተኛ ነው ከተባለ ብዙ ነገር ይከተላል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በአንድ ተኩል፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 እጥፍ ይታሰባል። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን በሚያከብርበት የመስቀል ሰሞን መስከረም 17 ቀን የሕዝብ በዓል ስለሆነ፣ የዕለቱ የሥራ ሰዓት በእጥፍ፣ ትርፍ ሰዓቱ በሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ፒዛው ወድቆ ቢበላሽ ወይም ደንበኛው ስልኩን ዘግቶ ቢጠፋ አሠሪው እንደፈለገ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም፤ አንቀጽ 59 ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል፤ ያም ቢሆን ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ለግል ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ አለመኖሩ ግን እንዲህ ያለውን ወጣት ክፉኛ ይጎዳል፤ ሊሞላ የሚገባው ክፍተት ነው።

ከሁሉ የከበደው አደጋው ነው። በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ሞተር ያዳልጣል፤ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሾኔ የተላከ ልጅ ደግሞ ከአይሱዙና ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው። በአሠሪው ትእዛዝ ላይ እያለ የደረሰ ጉዳት ከሥራ ቦታና ከሥራ ሰዓት ውጪ ቢሆንም የሥራ ላይ ጉዳት ነው፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። ልጁ ለጊዜው መሥራት ካልቻለ እስከ 12 ወር ድረስ ክፍያ ያገኛል፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩትን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። ደመወዙ 6,000 ብር ነው እንበል፤ ዓመቱን ሙሉ ቢተኛ 49,500 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ሰክሮ የነዳ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ ግን ይህን መብት ሊያጣ ይችላል። ሄልሜት ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ተሰጥቶት መስቀያ ላይ የሚተው ልጅ ራሱንም ካሳውንም ነው አደጋ ላይ የሚጥለው።

መንገደኛ ቢገጭስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የሞተሩ ባለቤት ተጠያቂ ነው፤ ሞተሩ የፒዛ ቤቱ ከሆነ ፒዛ ቤቱ ማለት ነው። የሦስተኛ ወገን መድን የሌለውን ሞተር ይዞ መውጣት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተከለከለ ነው።

ብዙዎች መብታቸውን የሚያጡት በጊዜ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ያላግባብ ተባርሬያለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል 3 ወር ብቻ አለው። የተለየ ጊዜ ያልተቀመጠለት ሌላው ጥያቄ በአንድ ዓመት ያበቃል። «ለበዓል እንተሳሰባለን» እየተባለ ወራት ሲያልፉ የሚጠፋው ይህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቀኑን፣ የመግቢያና የመውጫውን ሰዓት፣ የማድረሻውን ብዛት በደብተር መያዝ፣ የቴሌብር መልእክቶችንና የጥሪ ዝርዝሩን አለመሰረዝ፣ ምድጃው ጋ የሚሠሩትን የሥራ ባልደረቦች በምስክርነት ማሰብ ያስፈልጋል። የቃል ውል የሚረጋገጠው በእነዚህ ነው።

በአሠሪ ላይ አቤት ማለት ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። አቤቱታው መጀመሪያ ለከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ፣ ካልሆነም ለመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል፤ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። ክስ መጻፍ የሚቸግረው ሰው ሆሳዕና ወዳለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጎራ ብሎ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፤ ለአቅመ ደካሞች በነፃ የሕግ ድጋፍ መስጠት የአገሪቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች የቆየ ልማድ ነው።