የሯጭ ቁርስና የኢነርጂ ሒሳብ

«ከልምምድ በፊት ምን ልብላ?» ይህ ስፖርት የሚወዱ ተማሪዎች አዘውትረው የሚያነሡት ጥያቄ ነው። ጉዳዩ የሥነ ምግብ ብቻ ቢመስልም መልሱ የሚጀምረው ከፊዚክስ ነው። ኢነርጂ ከምንም አይፈጠርምና፣ ሯጭ በመንገድ ላይ የሚያወጣው ሁሉ አስቀድሞ በአካሉ የተከማቸ ወይም እየሮጠ የሚወስደው መሆን አለበት።

ወጪው ምን ያህል ነው?

በሜዳማ መንገድ የሚሮጥ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በየኪሎ ሜትሩ በግምት 1 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። በመሆኑም 56 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሯጭ ለ42.195 ኪሎ ሜትር ማራቶን 2,360 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ባስመዘገበው 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ቢገባ፣ አካሉ በየሴኮንዱ 1,330 ጁል ገደማ ይጠቀማል። ይህ 1,330 ዋት ማለት ሲሆን ከአነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር ይቀራረባል።

ክምችቱስ?

አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ደግሞ 4 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ቀጭን ሯጭ እንኳ ለብዙ ማራቶን የሚበቃ ስብ አለው። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ፍጥነት ነው። በአንድ ሊትር ኦክስጅን ካርቦሃይድሬት ሲቃጠል 5፣ ስብ ሲቃጠል ግን 4.7 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይገኛል። ከዚህም ሌላ ስብ ወደ ጡንቻ ደርሶ የሚቃጠለው በዝግታ ነው። ስለዚህ ሩጫው በፈጠነ መጠን ጡንቻ ይበልጥ በካርቦሃይድሬት ይተማመናል።

ካርቦሃይድሬት በአካላችን የሚከማቸው ግላይኮጅን ሆኖ ነው፤ በደንብ በበላ ስፖርተኛ ጡንቻዎች ውስጥ 400፣ በጉበቱ 100 ግራም ያህል ይገኛል። ድምሩ 2,000 ኪሎ ካሎሪ በመሆኑ ከላይ ካየነው ወጪ ያንሳል።

ሌሊት የሚጎድለው የትኛው ነው?

አንጎል በእንቅልፍ ጊዜም ስኳር ስለሚፈልግ የጉበት ክምችት እስኪነጋ ድረስ በእጅጉ ይቀንሳል። የጡንቻው ግን ብዙም አይነካም። እንግዲህ ጡንቻን የሚሞላው የትናንት ምሳና እራት ሲሆን፣ የቁርስ ዋና ተግባር ጉበትን መደገፍና የደም ስኳርን መጠበቅ ነው። ባዶ ሆዳቸውን ረጅምና ፈጣን ልምምድ የሚሠሩ አንዳንድ ወጣቶች የሚያዞራቸው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

መቼና ስንት?

የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከልምምድ በፊት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በኪሎ ግራም ክብደት ከ1 እስከ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወሰድ ይመክራሉ። ጊዜው ሲያጥር መጠኑም ያንሳል። ልምምዱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሆነና 1 ሰዓት ብቻ ከቀረ፣ ለ56 ኪሎ ግራም ሯጭ 56 ግራም ይበቃል፤ ሁለት መካከለኛ ሙዝ ወይም 110 ግራም ያህል ነጭ ዳቦ ማለት ነው። በሶ፣ ገንፎና እንጀራ ጥሩ ምንጮች ቢሆኑም አሰር ስላላቸው 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብሎ መብላት ይሻላል። ቅቤ የበዛበት ምግብና ሥጋ ግን ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወጡ ከልምምድ በኋላ ቢበሉ ይመረጣል።

ከ1 ሰዓት ለሚያንስ ቀላል ሩጫ በደንብ እራት ለበላ ጤነኛ ሰው ውኃ ብቻ ሊበቃ ይችላል። የሁሉም ሆድ አንድ ስላልሆነ የሚስማማችሁን ቁርስ በልምምድ ቀናት ሞክሩ፤ አዲስ ምግብ በውድድር ዕለት አትጀምሩ።