የልደት ቀንና የቀጠሮ ቀን እንዴት ይቆጠራል?

በገዳሪፍና በፋሽጋ አካባቢ የምንኖር ስደተኞች በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት አቆጣጠር እንመራለን። እንቁጣጣሽንና ጥምቀትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ረመዳንን በሂጅራ እንቆጥራለን፤ መታወቂያና የቀጠሮ ወረቀት ደግሞ የሚጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በዚህ ዕትም የትምህርት ገጻችን ከአንዱ ወደ ሌላው በትክክል መሻገር የሚቻልበትን መንገድ ለማሳየት እንሞክራለን።

ስሕተቱ የሚያስከትለውን ጉዳት በምሳሌ እንመልከት። አንድ ልጅ ጥር 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ጥር በእኛ አምስተኛ ወር ስለሆነ እናቱ «15፣ አምስተኛው ወር፣ 2005» ብላ ትናገራለች። መዝጋቢው ያንኑ እንዳለ 15/5/2005 ብሎ ከጻፈው፣ ወረቀቱ ልጁ የተወለደው ሜይ 15 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ነው ይላል። ሱዳኖችም ወሮችን በቁጥር ስለሚጠሩ፣ አምስተኛ ወር ሲባሉ ወዲያው የሚታያቸው ሜይ ነው። በዚህ ወረቀት መሠረት ልጁ ግንቦት 7 ቀን 2015 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞልቶታል። እውነተኛው ዕድሜው ግን በዚያ ዕለት 10 ዓመት ከሦስት ወር ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለውን ስለሆነ፣ ለልጆች የሚደረግ ጥበቃም ሆነ ከወላጅ ጋር የመገናኘት ጥያቄ በዚህ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ በወረቀት ጎልማሳ ሆኖ ሲገኝ ነገሩን ማስተካከል ብዙ ምልልስ ይጠይቃል።

(ቀኑን የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ አባት፣ እናትና አራት ልጆች ሁሉም በአንድ ቀን የተወለዱበት ቤተሰብ ብታዩ አይድነቃችሁ።)

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በመጀመሪያ ዓመቱን እናግኝ። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ 7፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 እንደምራለን። ጃንዋሪ 1 የሚውለው ታኅሣሥ 23 ቀን ነው። ቀጥሎ ወሮቻችን የሚብቱበትን ቀን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት መልካም ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሯሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ይውላል።

ከተፈለገው ቀን ላይ አንድ ቀንሰን በወሩ መባቻ ላይ እንደምራለን። ጥር 15 ከሆነ፣ 15 ሲቀነስ 1 ያው 14 ነው፤ 9 ሲደመር 14 ደግሞ 23 ይሆናል። ስለዚህ ያ ልጅ የተወለደው ጃንዋሪ 23 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ዘመነ ዮሐንስ ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ ተከታዩ የዮሐንስ ዓመት የሚብተው ሴፕቴምበር 12 ቀን ነው። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ስድስት ወሮች መባቻ አንድ አንድ ቀን ይጨምራል፣ ፌብሯሪም 29 ቀን ይኖራታል፤ ከመጋቢት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዮሐንስን ለመለየት የእኛን ዓመት ለ4 አካፍሉ፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው። 2012 እና 2016 ዮሐንስ ነበሩ።

የቀጠሮ ስሌት በእኛ አቆጣጠር ይቀላል፤ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ነውና። ኅዳር 12 ቀን ላይ «ከ90 ቀን በኋላ ተመለስ» የተባለ ሰው የካቲት 12 ቀን ይሄዳል። ጳጉሜን መሐል ስትገባ ግን ተጠንቀቁ። ሰኔ 20 ቀን 2018 ላይ 90 ቀን ብንጨምር የሚወድቀው መስከረም 15 ቀን 2019 ላይ እንጂ መስከረም 20 ላይ አይደለም።

የኮምፒዩተር ትምህርት የጀመራችሁ ወጣቶች ይህንኑ በማሽን ልታረጋግጡ ትችላላችሁ። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ላይ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ዴት የሚባል ትእዛዝ አለ። በላቲን ፊደል ዴት ብላችሁ፣ ቀጥሎ ሰረዝና ዲ፣ ከዚያም በጥቅስ ምልክት ውስጥ 2026-06-27 + 90 ዴይስ ብላችሁ ብትጽፉ (ዴይስ የሚለውም በላቲን ይጻፋል) ሴፕቴምበር 25 ቀን 2026 ብሎ ይመልሳል፤ ይህም መስከረም 15 ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን የሚለውን ቅደም ተከተል ጠብቁ። ማሽኑ የሚቀበለው የፈረንጆችን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ 2005 ብላችሁ የእኛን ዓመት ብትሰጡት ሳይጠራጠር በፈረንጆች 2005 ቆጥሮ ይሰጣችኋል። ልክ እንደዚያ መዝጋቢ ማለት ነው።

በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ለማወቅ፣ ከጥቅሱ በኋላ የመደመር ምልክት፣ የፐርሰንት ምልክትና ትንሹን ኤስ ጨምሩ። ማሽኑ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለፈውን ሴኮንድ ይነግራችኋል። ሁለቱን ቁጥሮች አቀናንሳችሁ ለ86,400 አካፍሉ። በሱዳን ሰዓት በተሞላ ኮምፒዩተር ላይ አንዳንድ ጊዜ 3,600 ሴኮንድ ተርፎ ታገኛላችሁ። ምክንያቱ ሱዳን ኖቬምበር 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መመለሷ ነው። ከዲ በፊት ሰረዝና ትንሹን ዩ ብትጨምሩ ትርፉ ይጠፋል።

ይህ የአንድ ሰዓት ልዩነት ከኮምፒዩተር ውጪም ያጋጥመናል። በገላባት ከጠዋቱ 8:00 ሲሆን፣ ወዲያ ማዶ መተማ ላይ ያለ ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይላል እንጂ ሁለት ሰዓት አይልም። ስለዚህ በሱዳን ሰዓት የተጻፈን ቀጠሮ ወደ አገር ቤት አቆጣጠር ስንመልስ የሚቀነሰው 5 ሰዓት ነው፤ 6 መቀነስ የሚሠራው ሁለቱም በአንድ ሰዓት በነበሩበት ዘመን ነበር። በድንበሩ አቅራቢያ ያላችሁ ደግሞ ስልካችሁ የኢትዮጵያን ኔትዎርክ ከያዘ ሰዓቱ በራሱ በአንድ ሊዘል ይችላል። የቀጠሮ ዕለት በስልኩ ብቻ አትመኑ፣ ገዳሪፍ ያለን ሰው ሰዓት ጠይቁ።

ለልምምድ፦ ሐምሌ 19 ቀን 2008 ዓ.ም. የተወለደችና ጥቅምት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወለደ እኅትና ወንድም በፈረንጆች መቼ ተወለዱ? መልስ፦ እርሷ ጁላይ 26 ቀን 2016፣ እርሱ ኦክቶበር 14 ቀን 2019። ለወንድሙ ኦክቶበር 13 ያላችሁ ዮሐንስን ረስታችኋል።