«ሌላስ ምን ማድረግ ትችላለህ?»

ሁለት ልጆች በአንድ ኳስ ሲጣሉ አብዛኞቻችን ኳሱን ቀምተን ቁምሳጥን ላይ እናስቀምጣለን፤ ወይ ታላቁን «አንተ ትልቅ አይደለህ!» ብለን እንቆጣለን፤ ወይ «ተራ በተራ ተጫወቱ» ብለን እንፈርዳለን። ጩኸቱ ይበርዳል። በሦስቱም ግን ያሰበው ወላጅ ነው፣ ልጆቹ አላሰቡም። ነገ ወላጅ በሌለበት ሜዳ ላይ ልጁ የሚቀናው እጁን መሰንዘር ነው።

የአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ ከተማ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማይርና ሹር እና ጆርጅ ስፒቫክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የ4 ዓመት ሕፃናትን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ አንድ ልጅ ጓደኛው የያዘውን መጫወቻ ቢፈልግ ምን ያድርግ? ግልፍተኞቹ «ይቀማዋል»፣ «ይመታዋል» ከማለት ብዙም አላለፉም። ሌሎቹ «ይለምነዋል»፣ «የራሱን ሰጥቶ ይለዋወጣል»፣ «እስኪጨርስ ይጠብቃል» እያሉ ደረደሩ። ልዩነቱን ያመጣው የአእምሮ ፍጥነት አልነበረም። መምህራን ሌላ መፍትሔ ማሰብን በቀን 20 ደቂቃ ያህል ለጥቂት ወራት ሲያለማምዷቸው ግልፍተኝነቱ ቀነሰ፤ እናቶችም ተምረው ቤታቸው ሠሩበት። ዘዴው ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራበታል፦

1. በሰላሙ ጊዜ ይጀምሩ። ልጅዎ 3 ወይም 4 ዓመት ከሞላው በጨዋታ ይጀመራል። ምሳ ላይ «ይህ እንጀራ ነው ወይስ አይደለም?»፣ «እጃችንን የምንታጠበው ከመብላት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያሉ ያጫውቱት። ቀልድ ይመስላል። ጠብ ሲመጣ ግን «የገፋህ አንተ ከመምታትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ሲጠይቁት የለመደው ጨዋታ ስለሆነ ከማልቀስ ይልቅ ማሰብ ይቀናዋል።

2. ስሜትን ያስተውል። «እህትህ አሁን ምን የተሰማት ይመስልሃል? በምን አወቅህ?» ይበሉት። ፊቷን አይቶ፣ ድምፅዋን ሰምቶ፣ ካልሆነም ራሷን ጠይቆ ማወቅ እንደሚቻል ይማራል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ነገር ከቤትዎ ቢያስወጡት ይሻላል፤ «አዘንኩ» ማለት የተከለከለ ልጅ ሐዘኑን በቡጢ ይናገራል።

3. ጠቡ ሲነሳ ይጠይቁ እንጂ አይፍረዱ። አስቀድመው ያላቅቋቸው፣ የተጎዳ ካለ ይመልከቱ። ከዚያ ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

— ምን ሆነ፣ የኔ ጌታ?
— እህቴ እርሳሴን ወሰደችብኝ!
— አንተስ ምን አደረግህ?
— መታኋት።
— ስትመታት ምን ሆነ?
— አለቀሰች… እርሳሱንም ሰበረችው።
— አንተ ምን ተሰማህ?
— ተናደድኩ።
— እንዳትናደድም፣ እንዳትመታትም፣ ሌላ ምን ማድረግ ትችላለህ?
— ለአንቺ እነግርሻለሁ።
— አንድ ሐሳብ ነው። ሌላስ?
— ሌላ እርሳስ እሰጣታለሁ።
— እንደዚያ ብታደርግ ምን የሚሆን ይመስልሃል?

እናትየዋ «እሰይ፣ ጎበዝ!» አላለችም። ሁለተኛውን ሐሳብ ብታሞግስ ልጁ ሦስተኛውን መፈለግ ትቶ የእናቱን ፊት ማንበብ ይጀምር ነበር። «እመታታለሁ» ቢልም አትደነግጥም፤ «ከዚያስ?» ትለዋለች። መዘዙን ራሱ ሲናገረው ከምክር ይልቅ ይገባዋል። ልጅቷንም በተራዋ መጠየቅ አይርሱ፤ ታናሽ ሁልጊዜ ተበዳይ አይደለችም።

4. የመረጠውን ይሞክር። ሐሳቡ ባይሠራ «ነግሬህ ነበር» አይበሉት። «ታዲያ አሁን ሌላ ምን ይቻላል?» ይበሉት። ከፍ ላሉት፣ ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጆች፣ ጥያቄው ይረዝማል፦ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ፣ ምን እንቅፋት ይመጣል፣ የሚሻለው ሰዓት የቱ ነው? በንዴት ላይ ያለን ጓደኛ ወዲያው ማነጋገርና ነገ በእረፍት ሰዓት ማነጋገር አንድ እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜ ይረዳሉ።

ይህ ሁሉ ልቅነት የሚመስላቸው አያቶች ይኖራሉ። አይደለም፤ «መማታት በዚህ ቤት የለም» የሚለው ሕግ ይቀጥላል፣ ጥያቄው የሚሠራው በሕጉ ውስጥ ነው። ራስዎ ደክሞዎት ተናደው ከሆነም ጥያቄውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት፤ በቁጣ ድምፅ ሲጠየቅ ለልጅ ምርመራ ይሆንበታል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ዘዴውን አይጠቀሙበት። ትምህርት ቤት ውስጥ ትልቅ ልጅ ትንሹን በየቀኑ የሚያስፈራራው ከሆነ፣ ወይም አዋቂ ሰው ልጅዎን የሚመታ ከሆነ፣ መፍትሔ የማፈላለጉ ኃላፊነት የልጁ አይደለም። የ1987 ዓ.ም.ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ልጁን «ሌላስ ምን ታደርጋለህ?» ብለው አይጠይቁት፤ ተነስተው ትምህርት ቤቱ ድረስ ይሂዱ።