የተከላካይ ሥራ

ከማንበባችሁ በፊት

1. በምትኖሩበት አካባቢ የእግር ኳስ ግጥሚያ ከተደረገ በኋላ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው የትኛው ተጫዋች ነው? ምክንያቱስ ምን ይመስላችኋል?
2. «ተከላካይ» የሚለው ስም ከየትኛው ግሥ የወጣ ነው?

ምንባብ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ ከግብፅ ጋር ተሰለፈ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 አልቆ ወደ ተጨማሪው 30 ደቂቃ በተገባ ጊዜ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውንም የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ድል በተነሣ ቁጥር የግብ አግቢዎቹ ስም አብሮ ይነሣል። ይሁን እንጂ በዚያው ተጨማሪ 30 ደቂቃ ውስጥ ግብፅ አንድም ግብ አለማስቆጠሯን ለይቶ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱ ግቦች ዋንጫ ለማስገኘት የበቁት ግን በሌላው በኩል በሩ ተዘግቶ ስለ ቆየ ነው። ይህን በር የመዝጋት ሥራ በተለይ የተከላካይ ነው። የዚህ ሥራ ዋጋ በምን ይለካል?

የእግር ኳስ ጨዋታ በደንብ መመራት በጀመረበት ዘመን ተከላካይ እንደ ዛሬው ሰፊ ቦታ አልነበረውም። በ1872 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድና እንግሊዝ በግላስጎ ከተማ ያደረጉት ግጥሚያ የመጀመሪያው የአገሮች ግጥሚያ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ጨዋታ እንግሊዞች ስምንት፣ ስኮትላንዶች ደግሞ ስድስት አጥቂዎችን አሰለፉ። እንግሊዞች እያንዳንዱ ተጫዋች ኳስን በግሉ እየነዳ በሚሄድበት ስልት ሲታመኑ፣ ስኮትላንዶች በቁጥር ከፍ ያሉ ሰዎችን ወደ ኋላ አቁመው ኳስን መቀባበልን መረጡ። በሜዳው ላይ አሥራ አራት አጥቂዎች እያሉም ጨዋታው ያለ ግብ 0 ለ 0 ተፈጸመ። ከዚህ እንደምንረዳው የአጥቂ ቁጥር መብዛት ብቻውን ግብ አያስገኝም።

ከዚያ በኋላ በተከላካይ ሥራ ላይ ከፍተኛ ለውጥ ያመጣው በ1925 እ.ኤ.አ. የተደረገው የ«ከጨዋታ ውጪ» ደንብ መሻሻል ነው። ቀድሞ ኳስ በምትላክበት ጊዜ በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው፤ ከመሻሻሉ በኋላ ሁለት በቂ ሆኑ። ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን ከመሻሻሉ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን 1,192 ግቦች ተቆጥረው ነበር፤ በሚቀጥለው ዘመን ግን ቁጥሩ 1,703 ደረሰ። ስለዚህ አሰልጣኞች መላ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በኸርበርት ቻፕማን ይመራ የነበረው የአርሰናል ቡድን የመሐል ተጫዋቹን ወደ ኋላ ስቦ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል አቆመው፤ ተከላካዮቹም ሦስት ሆኑ። በ1958 እ.ኤ.አ. የዓለምን ዋንጫ የወሰደው የብራዚል ቡድን ደግሞ አራት ተከላካዮችን አሰልፎ ተጫውቷል። እንግዲህ አጥቂው አዲስ መንገድ ባገኘ ቁጥር ተከላካዩም አዲስ ስልት እንዲያወጣ ተገድዷል ማለት ነው።

ተከላካይ ማለት ኳስን በኃይል ወደ ሩቅ የሚለጋ ጉልበተኛ ማለት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መሣሪያው ዐይኑ ነው። ኳሱን ብቻ የሚመለከት ተከላካይ አጥቂው ያመልጠዋል፤ አጥቂውን ብቻ የሚመለከት ደግሞ ኳሱ ታመልጠዋለች። በመሆኑም ሁለቱንም በአንድነት መከታተል አለበት። ሁለተኛው መሣሪያው ትዕግሥት ነው። አጥቂው ኳስ ይዞ ሲመጣበት ቸኩሎ ሸርተቴ የወረደ ተከላካይ ኳሷን ከሳተ፣ እሱ ከመሬት እስኪነሣ አጥቂው አልፎት ይሄዳል። ልምድ ያለው ተከላካይ ግን ጥቂት በጥቂት እያፈገፈገ አጥቂውን ወደ ሜዳው ጠርዝ ያስወጣዋል፤ ጓደኞቹም እስኪደርሱለት ያዘገየዋል። ሦስተኛው መሣሪያው ድምፁ ነው። ተከላካዮች አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ ለማድረግ በአንድ መስመር ወደ ፊት በሚወጡበት ጊዜ አንዱ እንኳ ወደ ኋላ ቢቀር የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ እርስ በርስ መጠራራትና መደማመጥ ያስፈልጋቸዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ብሂል ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የስሕተቱ ዋጋ ነው። አጥቂ አምስት ጊዜ ስቶ በስድስተኛው ቢያገባ ይጨበጨብለታል። ተከላካይ ግን 89 ደቂቃ ሙሉ ሳይሳሳት ቆይቶ በ90ኛው ደቂቃ ቢሳሳት፣ ተመልካቹ ከሜዳ ሲወጣ የሚያወራው ስለዚያች አንዲት ደቂቃ ነው።

የእነዚህ ተጫዋቾች ኑሮም ሁልጊዜ የተደላደለ አይደለም። በስኮትላንድ 42 ክለቦች በአራት ዲቪዚዮኖች ተከፍለው ይወዳደራሉ። በታችኞቹ ሁለት ዲቪዚዮኖች ከሚጫወቱት መካከል ብዙዎቹ ከክለባቸው የሚያገኙት ገንዘብ ብቻውን ስለማያኖራቸው ቀን በሌላ ሥራ ተሰማርተው ይውላሉ፤ ማታ ማታ ይለማመዳሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ ይጋጠማሉ። በዚህ ደረጃ የሚጫወት ተከላካይ እግሩ ቢጎዳ የሚያሳስበው የሚቀጥለው ግጥሚያ ብቻ ሳይሆን የሰኞ ሥራውም ጭምር ነው። በአገራችንም ቀድሞ ብዙዎቹ ቡድኖች ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዙ ነበሩ። የጦር ሠራዊቱ መቻልና የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ከፍ ብሎ ስሙ የተጠቀሰው ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ምንም እንኳ የመሐል ተጫዋች ቢሆን፣ በትውልድ ከተማው በአስመራ የባቡር መካኒክ ሆኖ ሠርቷል። የአፍሪካን ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያነሣው እጅ ብሎን ሲፈታና ሲያጠብቅ የኖረ እጅ ነበር።

አሁን ደግሞ የተከላካይ ሥራ ዋጋ በግልጽ ወደ ታየበት ሌላ ግጥሚያ እንለፍ። ከመተማ ተነሥቶ በገላባት በኩል የሱዳንን ድንበር የሚሻገር መንገደኛ ዶካን አልፎ ገዳሪፍ ይደርሳል። ይህ አካባቢ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት ሰፊ ቆላ ሲሆን ብዙ ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞች ለአረምና ለአጨዳ ሲመላለሱበት ኖረዋል። በማሽላ አገር እህሉ በሚያፈራበት ወራት ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ሲከላከል ይውላል። መኸር ሲገባ የተሰበሰበው እህል በኩንታል ይቆጠራል። ወፍ ሳይበላው የተረፈው ግን ለብቻው ተለይቶ አይቆጠርም። የተከላካይም ድካም ይህን ይመስላል። ሆኖም የተረፈው ነገር በቁጥር ተለይቶ የሚታወቅበት ቀን አንዳንድ ጊዜ ይመጣል።

ኢትዮጵያና ሱዳን በእግር ኳስ የቆየ ጉርብትና አላቸው። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲካሄድ የተወዳደሩት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። ከ55 ዓመታት በኋላ ሁለቱ ጎረቤቶች ለ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ተገናኙ። ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በሱዳን ሜዳ በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ሱዳን 5 ለ 3 አሸነፈች። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው የኢትዮጵያ ቡድን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመልሱን ግጥሚያ ሲያደርግ የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። በሁለተኛው አጋማሽ ግን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አንዳንድ ግብ አስቆጥረው ጨዋታው 2 ለ 0 ተፈጸመ። የሁለቱ ግጥሚያዎች ድምር 5 ለ 5 ስለ ሆነ፣ ኢትዮጵያ ከሜዳዋ ውጪ ባስቆጠረቻቸው ሦስት ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች።

ስሌቱን ልብ እንበል። በዚያ ቀን ሱዳን አንዲት ግብ ብቻ ብታስቆጥር ኖሮ ድምሩ 6 ለ 5 ሆኖ ያለፈችው ሱዳን በሆነች ነበር። ስለሆነም ያልገባችው አንዲት ግብ ከገቡት ሁለት ግቦች ያላነሰ ዋጋ ነበራት። ሁለተኛዋ ግብ ከገባች በኋላ በነበሩት ደቂቃዎች ኳስ ወደ ኢትዮጵያ የግብ ክልል በመጣች ቁጥር የ31 ዓመት ናፍቆት በተከላካዮቹና በግብ ጠባቂው እግርና እጅ ላይ ወድቆ ነበር።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተጓዘው ቡድን ተከላካዮች መካከል ደጉ ደበበ፣ አይናለም ኃይሉ፣ ስዩም ተስፋዬና አበባው ቡታቆ ይገኙበታል። ቡድኑ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ማለትም የ1954ቱ ድል በተገኘበት ዕለት ልክ በ51ኛው ዓመት፣ የቀድሞውን ዋንጫ ባለቤት ዛምቢያን ገጠመ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ከሜዳ ቢወጣም፣ በአሥር ሰው የቀረው ቡድን ከኋላ ተነሥቶ 1 ለ 1 ወጣ። ቀጥሎ ግን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያም በሁለት ፍፁም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ተሰናበተ። ተከላካይ ትናንት በሩን ስለ ዘጋ ዛሬ በሩ ተዘግቶ አያድርለትም፤ ሥራው በእያንዳንዱ ግጥሚያ እንደገና ይጀመራል።

በማንኛውም የሥራ መስክ ግብ አግቢ እንዳለ ሁሉ ግብ ጠባቂና ተከላካይም አለ። ድልድይ እንዳይፈርስ የሚጠግን ሠራተኛ፣ በሽታ እንዳይዛመት የሚከትብ ጤና ረዳት፣ ወፍ እህሉን እንዳይጨርስ ማማ ላይ የሚውል ገበሬ ሁሉም ያው ናቸው። ሥራቸው በትክክል ሲሠራ ምንም አልደረሰም ይባላል። አስተዋይ ሰው ግን ያልደረሰውን ጉዳት ከደረሰው ጥቅም ጋር አብሮ ይቈጥራል።

መልመጃ

ሀ. አንብቦ መረዳት

1. በ1954ቱ የፍጻሜ ግጥሚያ ብዙ ሰው ለይቶ የማያነሣው ነገር ምንድን ነው?
2. በ1925 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ደንብ ምን ነበር? የተከላካዮችን ቁጥር ያሳደገው እንዴት ነው?
3. በምንባቡ የተጠቀሱትን ሦስት የተከላካይ መሣሪያዎች ጠቅሳችሁ የእያንዳንዱን ጥቅም አስረዱ።
4. በጥቅምት 4ቱ ግጥሚያ ሱዳን አንድ ግብ ብታስቆጥር ውጤቱ ለምን ይለወጥ ነበር? በስሌት አሳዩ።

ለ. የቃላት ፍቺ

የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ትርጉም መሠረት ፍቱ፤ ከዚያም በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

አቻ፣ አምበል፣ አፈገፈገ፣ ማማ፣ ብሂል፣ ከንቱ

ሐ. ሰዋስው

«ሱዳን አንዲት ግብ ብቻ ብታስቆጥር ኖሮ ያለፈችው ሱዳን በሆነች ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር ያልተፈጸመን ድርጊት በ«ቢ… ኖሮ… በ… ነበር» ይገልጻል። በዚህ አሠራር አራት ዐረፍተ ነገሮችን ጻፉ።

መ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ሥራው በትክክል ሲሠራ የማይታወቅለት፣ ሲጓደል ግን ወዲያው የሚታይ አንድ ሠራተኛ መርጣችሁ በሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሥራውን ግለጹ፤ በሁለተኛው ባይሠራ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አስረዱ፤ በሦስተኛው የራሳችሁን አስተያየት ስጡ።