በፖከር ውድድር የጠጠር ዋጋ
በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በላስ ቬጋስ ከተማ በተደረገው ታላቅ የፖከር ውድድር 839 ተጫዋቾች ገብተው ነበር። የመግቢያው ዋጋ 10,000 ዶላር ሲኾን ለእያንዳንዱም 10,000 ነጥብ የሚያወጣ መጫወቻ ጠጠር ተሰጠው። አሸናፊው በመጨረሻ 8,390,000ውን ነጥብ ጠቅልሎ ቢይዝም የተቀበለው 2,500,000 ዶላር ነው፤ ቀሪው ሽልማት ለሌሎች 62 ሰዎች ተከፋፈለ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ውድድር የሚጨመረው ጠጠር ከሚጠፋው ይልቅ ዋጋው ያንሳል። ባለሽልማቶቹ ሊለዩ ጥቂት ሲቀር፣ መካከለኛ ጠጠር ያለው ሰው በጥቂት ብልጫ ብቻ ተማምኖ ያለውን ኹሉ ማስያዝ አይገባውም። ብዙ የያዘው ግን ይህን ፍርሃት ስለሚያውቅ በዚያው ሰዓት ውርርዱን እያሳደገ ያስጨንቀዋል። ጥቂት የቀረው ደግሞ ዝም ብሎ ቢጠብቅ በየተራው የሚከፈለው የግዴታ መዋጮ ይጨርሰዋል (የሱቅ ኪራይ የሚከፍል ይህን ቶሎ ይረዳዋል)፤ ስለዚህ ጠጠሩ ገና ሌላውን ሊያስፈራ ሲችል ኹሉንም ማስያዝ አለበት።